በጋሽ ደቻሳ ስም የተደረጉትን ላይኮች ይመለከታል

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

ለክቡር አቶ ፊሊሞን ጉዲና
የምንጭ ዳር የችግኝ ማፍያ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ዓይንዎ፣ አንገትዎ፣ በተለይም የቀኝ እጅዎ አውራ ጣት ደህና እንዲሆኑልዎ ከልብ እመኛለሁ፤ ምንም እንኳ ይህ ጣት ላለፉት አሥራ አራት ወራት ብዙም እንዳልደከመ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ባይኖርም። እኛ ሠራተኞችዎ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ችግኞቹ ግን ደህና አይደሉም፤ የፌስቡክ ገጽ ስለሌላቸው ምናልባት አልሰሙ ይሆናል።

ስሜ ቤርሳቤህ ለታ ይባላል። ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ከምንጩ አጠገብ ባለው ማፍያችን ውስጥ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጽድ እያፈላሁ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ከአሥራ አራት ወር በፊት መደብ ላይ ተንበርክኬ አፈር ስሞላ በአጠገቤ ሲያልፉ ስልኬን አይተው ካሜራው ጥሩ መሆኑን በመገንዘብ እዚያው በቆሙበት የማኅበራዊ ሚዲያ አስተባባሪ አድርገው ሾመውኛል፤ ለዚህ ሹመት እስከ ዛሬ በጽሑፍ አላመሰገንሁዎትምና ምስጋናዬን ዛሬ ይቀበሉ።

በአደባባይ የምጽፍልዎ ለመዳፈር ብዬ አይደለም። ስለዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ወደ ቢሮዎ አስገብቼ፣ ጸሐፊዎ በሦስተኛው ጊዜ በትሕትና እንዳስረዱኝ ክቡርነትዎ የሚያነብቡት ገጹ ላይ የወጣውን ብቻ ነው። እንግዲህ ገጹ ላይ አውጥቼዋለሁ።

ጉዳዩም የሚከተለው ነው። የፊታችን ዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተሰብስቦ ለሃያ ስድስት ዓመታት ከእንጦጦ ዛፎች ዘር እየለቀሙ ያመጡልንን፣ የትኛው ዘር መቼ እንደሚዘራ በዚህ ማኅበር ውስጥ አጣርተው የሚያውቁትን ብቸኛ ሰው፣ አቶ ደቻሳ ዋቅቶላን፣ ማለትም ጋሽ ደቻሳን፣ ከሥራ ለማሰናበት ይወስናል። ክሱ ሁለት ነው። አንደኛው በስማቸው ሌላ ሰው ላይክ ሲያደርግ ቆይቷል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የኮሶ ችግኞቹ ከመቃጠላቸው በፊት የባለሙያ ማስጠንቀቂያ አልሰጡም የሚል ነው። የመጀመሪያውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። የሁለተኛው መልስ ደግሞ ከአንድ ወር በላይ ገጻችን ላይ ተቀምጧል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ጨዋነት ስለሚያስገድደኝ ውለታዎን በቅደም ተከተል ላንሳ።

1. ስለ ጊዜ አጠቃቀም ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

መመሪያዎ በቀን ሰባት ጊዜ እንድንለጥፍ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛም በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ላይክ፣ ሼርና ኮሜንት አድርጎ ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ግሩፑ እንዲልክ ያዝዛል። የመጀመሪያው ልጥፍ የሚወጣው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት ከቤት እየወጡ ስለሚሆኑ አላዩት ይሆናል እንጂ፣ ሁለት ሰዓት ማለት ፀሐይ ሳትበረታ ውሃ አጠጥተን መጨረስ ያለብን ሰዓት ነው። ሠራተኛው ማጠጫውን ያስቀምጣል፣ ጭቃውን ይታጠባል፣ እጁን ያደርቃል፣ ኔትወርክ ይጠብቃል፣ ይነካል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይልካል፣ ማጠጫው ጋ ሲመለስ ሁለተኛው ልጥፍ ይወጣል። እርጥብ ጣት ስክሪን ላይ እንደማይሠራ በመመሪያው ውስጥ አልተጠቀሰም። የማጠጣቱ ሥራ ኃላፊ የሆኑት እትዬ ደሳለች፣ ሁለት እጃቸው ጭቃ ሆኖ ሰዓቱ ሊያልቅባቸው ሲል፣ «የአካባቢያችን ውበት» የሚለውን ልጥፍ በአፍንጫቸው ላይክ አድርገዋል። ለማስተባበር እንዲመቸኝ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ ደመርሁት፤ ለእያንዳንዳችን በቀን አንድ ሰዓት ገደማ፣ ለአሥራ ሁለታችን አሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል። አንድ ሰው ሙሉ ቀን ተቀጥሮ ምንም ሳይሠራ ቢውል ማኅበሩን የሚጎዳው ከዚህ ያነሰ ነበር።

ስለዚህ መላ ፈጠርን። እንደ ዕቁብ ዕጣ አወጣን። ተራው የደረሰው ሰው የሁላችንንም ስልክ በችግኝ ማመላለሻ ሳጥን ውስጥ ሰብስቦ፣ ከትልቁ ዝግባ ሥር ባልዲ ገልብጦ ይቀመጥና ለሁላችንም ሲነካ ያረፍዳል። ሌሎቻችን ውሃ እናጠጣለን። የሳጥኑ ተራ ሲደርስ ሰው ሁሉ ንጹሕ ልብስ ለብሶ ይመጣ ነበር፤ እጅ የማይቆሽሽበት ብቸኛው ቀን ስለሆነ። ክቡርነትዎ በዚያ ወር የሠራተኛው የዲጂታል ተሳትፎ በሦስት እጥፍ ማደጉን ለቦርዱ ሪፖርት አድርገው ተጨበጨበልዎ። ጭብጨባው ይገባዎታል፤ ባልዲው ግን የማኅበሩ ነው።

2. አሠልጣኝ ስላመጡልን እናመሰግናለን።

ይዘት እንዴት እንደሚዘጋጅ ያሠለጠኑን ወይዘሪት ሰምሀል በእውነት ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ክቡርነትዎ ለመክፈቻው ፎቶ ቆመው ስለሄዱ ሥልጠናው ያመለጥዎት ይመስለኛልና ባጭሩ ላቅርብልዎ። በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተቀምጣችሁ የሳምንቱን አዘጋጁ፣ ሰዓቱን ሞልታችሁ ተዉት፣ ራሱ ይወጣል፣ እናንተ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ አሉን። ብዙ ከመለጠፍ አንድ የሚጠቅም መለጠፍ እንደሚሻል፣ ጥያቄ ለጠየቀ ሰው መልስ መስጠትም ከመቶ ላይክ እንደሚበልጥ ነገሩን። እትዬ ደሳለች ይህን ሲሰሙ በደስታ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። ክቡርነትዎ በማግሥቱ በሥልጠናው መንፈስ በመነሳሳት የልጥፉን ቁጥር ከአምስት ወደ ሰባት አሳደጉት።

3. ስለ ደንበኛ አያያዝ ቪዲዮም እንዲሁ።

የመጋቢቱን ቀን ያስታውሱታል። ደንበኛን በፈገግታ እንዴት እንደምንቀበል የሚያሳይ ቪዲዮ ስንቀርጽ አናጢያችን ኪሩ ደንበኛ ሆኖ ሲተውን ዋለ። በዚያ መሐል ገጻችንን አይተው አቀበቱን በእግራቸው የወጡ አንዲት እናት በሩ ላይ ቆመው ወይራ እንዳለን ጠየቁ። ከካሜራው ፊት ዞር እንዲሉ በትሕትና ተነገራቸው። ኪሩ በአምስተኛው ቀረጻ ፈገግታው ሲያምርለት ሴትዮዋ ሄደው ነበር። ያ ቪዲዮ ከሁሉም የበለጠ ተመልካች አግኝቷል፤ ከሥሩ ሃያ ሰባት ሰዎች የት እንደምንገኝ ጠይቀዋል፤ ለአንዳቸውም መልስ አልሰጠንም፤ ምክንያቱም የእርስ በርስ ላይካችንን እያሟላን ነበር።

4. እዚህ ላይ ማመስገን ያስቸግረኛል፤ ይቅርታዎን።

ኮሶ በችግኝነቱ ጥላ ይፈልጋል። ይህን ጋሽ ደቻሳ ብቻ ሳይሆኑ ማፍያው ውስጥ የምትኖረው ድመትም ሳታውቀው አትቀርም፤ ቀን ቀን የምትተኛው ዳሱ ሥር ነው። ዳሱን የኮሶው መደብ ላይ ያቆመው ኪሩ ነው፤ በሸንበቆና በሣር። ሚያዝያ 6 ቀን ጠዋት ክቡርነትዎ ለቪዲዮ መጥተው ብርሃኑ አነሰ አሉና ዳሱ እንዲነሳ አዘዙ። ጋሽ ደቻሳ ዘር ለቀማ ተራራ ላይ ነበሩ። ኪሩ ታዘዘ። እኔም ታዘዝሁ፤ ቀረጽሁ። ቪዲዮው በእርግጥም ብሩህ ነው። በሚቀጥሉት ቀናትም ለተከታታይ ክፍሎች ስለሚያስፈልግ ዳሱ ተነስቶ እንዲቆይ በጽሑፍ መመሪያ ሰጡ።

ጋሽ ደቻሳ እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱ አዩት። ጆንያቸውን አውርደው ቀጥታ ወደ ቢሮዎ ሄዱ። ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ማንኛውም የሠራተኛ አስተያየት በገጹ በኩል ብቻ እንዲቀርብ በመመሪያ ቁጥር ዘጠኝ መወሰኑን ጸሐፊዎ ነገሯቸው። ስለዚህ ወደ እኔ መጡ።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎንና የተከበሩትን የኮሚቴ አባላት ትንሽ ላዘገያችሁ ነው፤ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ስለሆነ።

ጋሽ ደቻሳ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው ያላቸው፤ ጀርባው እንዳይከፈት ችግኝ በምናሥርበት ላስቲክ የታሰረ። የላይክ ግዴታው የወጣ ዕለት ያንኑ ስልክ ይዘው መጥተው፣ በቅንነት፣ የቱ ጋ እንደሚነካ ጠየቁኝ። ተሳትፎ የሌለው ሠራተኛ ከሥራ ምዘናው ሠላሳ ነጥብ እንደሚቀነስበት ስለማውቅ በእኔ አሮጌ ስልክ ገጽ ከፈትሁላቸው። እሳቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህ ውሸት አይሆንም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ላይክ ምንም ማለት እንዳልሆነ አስረዳኋቸው። እሺ ያሉኝ በአንድ ነገር ብቻ ተስማምተን ነው፤ ከአፋቸው ያልወጣ ቃል በስማቸው እንዳልጽፍ። ስለዚህ በየቀኑ ምን ልጻፍልዎ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይነግሩኛል። ገጻችንን ወደ ኋላ ሄደው ቢያዩ ሌሎቻችን «ድንቅ አመራር» እና «ወደፊት» እያልን ስንጽፍ፣ በጋሽ ደቻሳ ስም የተጻፈው «የጽዱ ዘር ገና አልደረሰም»፣ «ይህ መደብ ውሃ በዝቶበታል»፣ «ወይራውን አሥር ጊዜ አትንቀሉት» የሚል ነው። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ይህ ገጽ ያወጣው ጠቃሚ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ልጥፉን የማወጣው እኔ ስለሆንሁ፣ የእሳቸውም ገጽ በእኔው ስልክ ላይ ስለነበር፣ ላይካቸው ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል። በዓመቱ የዲጂታል ተሳትፎ አንደኛ የወጡትም በዚህ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን ከሰዓት በኋላ ነግረውኝ የጻፍሁት ቃል በቃል ይህ ነው፦ «ዳሱን ዛሬውኑ መልሱት። ኮሶው ሦስት ቀን አይቆይም፣ ይቃጠላል። ደቻሳ»።

አልተመለሰም። ከአንድ ሺህ አራት መቶ የኮሶ ችግኞች ለፋሲካ የደረሱት ሁለት መቶ ስድሳ ናቸው፤ እነሱም የግንቡ ጥላ ያረፈባቸው ስለሆኑ ነው። ጋሽ ደቻሳ በሰሙነ ሕማማት ውስጥ የደረቁትን አንድ በአንድ ከተተከሉበት ላስቲክ እያወጡ ላስቲኩን ለሚቀጥለው ዓመት ሲያጥቡ አየኋቸው። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ እስካሁንም አልበረደልኝም፤ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው አክብሮት ሁሉ በዚያ ንዴት ላይ የተደረበ መሆኑን ክቡርነትዎ ቢያውቁት አይከፋኝም።

ከዚያም ሚያዝያ 24 ቀን በእንግዶች ፊት የዓመቱን የዲጂታል ተሳትፎ ተሸላሚ ብለው ጋሽ ደቻሳን ወደ መድረክ ጠሩ። ስልካቸውን አውጥተው ለእንግዶቹ እንዲያሳዩ ጠየቋቸው። በላስቲክ የታሰረውን አወጡ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልተደናገጡም፤ ማይኩን ሳይጨብጡ እንዲህ አሉ፦ «እኔ የምነካው አፈር ነው። ይህንን ልጆቹ ናቸው የሚነኩልኝ።» ፊትዎ ሲቀላ አይቻለሁ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የእገዳ ደብዳቤው ደረሳቸው። ያፈሩት ክቡርነትዎ ሲሆኑ የተቀጡት ግን እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ ክሱ ልመለስና ኮሚቴው ዓርብ ሲቀመጥ ጊዜና ጉልበቱን እንዲቆጥብ ላግዘው።

በጋሽ ደቻሳ ስም ያለው ገጽ የጋሽ ደቻሳ ነው ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ ማስጠንቀቂያው በቀኑ፣ በጽሑፍ፣ በመመሪያ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ተሰጥቷል። እንዲያውም ከማስጠንቀቂያው አጠገብ የሥራ አስኪያጁ የልብ ምልክት ተቀምጧል። ክቡርነትዎ ልብ ሰጥተውታል፤ ዛሬም ይታያል፤ ቀዩ ነው።

የለም፣ በሌላ ሰው ጣት የተነካ የባለቤቱ አይደለም፣ ማጭበርበር ነው ካላችሁ ደግሞ፣ ከአሥራ አራት ወር በፊት ክቡርነትዎ የራስዎን ገጽ የጫኑበትን ሁለተኛውን ስልክ በእጄ ሲሰጡኝ የተናገሩትን እንድደግምላችሁ ትፈቅዱልኛላችሁ። ብሳሳት ቢበዛ አንድ ቃል ነው፦ «እኔ ስብሰባ ስለሚበዛብኝ የእኔንም አብረሽ ንኪልኝ፤ የሠራተኛ ኮሜንት ስታዪ ደግሞ ልብ ስጪበት።» ክቡርነትዎ በገጻችን ላይ እስከ ዛሬ ያደረጓቸው ላይኮችና የሰጧቸው ልቦች በሙሉ የእኔ ጣት ናቸው። ጋሽ ደቻሳ ቢያንስ የሚጻፈውን ይነግሩኝ ነበር።

ያንን ልብ ማስጠንቀቂያው አጠገብ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ትእዛዙ፤ ሳላስብ። ከዚያም ልብ ስላለበት ታይቷል ብዬ ቁጭ አልሁ። ደረጃውን ወጥቼ በሩን ማንኳኳት ስችል አላንኳኳሁም። ይህ ከክቡርነትዎ ጥፋት የእኔ ድርሻ ነው፤ ኮሚቴው ሊቀጣኝ ቢፈልግ በዚህ ይቅጣኝ እንጂ በላይኩ አይደለም።

እንግዲህ በትሕትና የምናሳውቀው የሚከተለውን ነው፤ ጥያቄ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ዳሱን ኪሩና እኛ መልሰን አቁመነዋል፤ ፈቃድ አልጠየቅንም፤ ፎቶም አላነሳንም። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማንም ማጠጫውን አያስቀምጥም። የገጹ ልጥፍ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማክሰኞ፣ ወይዘሪት ሰምሀል እንዳስተማሩን በአንድ ሰዓት ተዘጋጅቶ ይወጣል፤ የት እንደምንገኝ የጠየቁት ሃያ ሰባት ሰዎችም ትናንት መልስ አግኝተዋል፤ ስድስቱ ለሐምሌ ተከላ ወይራ እንይዝላቸው ዘንድ ደውለዋል። ኮሶ ፈላጊም አለ። የቀሩትን ሁለት መቶ ስድሳ ለክረምቱ ሊያደርስ የሚችል ሰው ግን አንድ ነው፤ እሳቸውም ታግደው አዲሱ ገበያ ቤታቸው ተቀምጠዋል። ዓርብ ተመልሰው እንዲመጡ እንፈልጋለን። ካልመጡ አሥራ አንዳችንም ስልካችንን ሰብስበን በዚያው ሳጥን ውስጥ ጠረጴዛዎ ላይ እናስቀምጥልዎታለን፤ ሰባቱንም ልጥፍ ለአሥራ አንድ ሰው ሲነኩ ይዋሉ።

ይህን ስጽፍ ምን ሊደርስብኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ሹመቴን በቆሙበት እንደሰጡኝ በቆሙበት ሊወስዱት ይችላሉ። እኔ ወደ መደቤ እመለሳለሁ፤ የቦታው አፈር ያውቀኛል። ከማኅበሩም ቢያስወጡኝ ችግኝ ማፍላት የተማርሁት ከጋሽ ደቻሳ ስለሆነ በልቤ የያዝሁትን አይወስዱብኝም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ብሩህ ስክሪን፣ የማያልቅ ባትሪ፣ የማይቋረጥ ኔትወርክና አንድ ቀን ጠዋት ጭቃ የነካ ጫማ እየተመኘሁ፣ ዘወትር በትእዛዝዎ ሥር የነበርሁት፣ ዛሬ ግን ያልሆንሁት፣

ቤርሳቤህ ለታ
እስከ ዛሬ ጠዋት የማኅበራዊ ሚዲያ አስተባባሪ

ግልባጭ፦
ለዲሲፕሊን ኮሚቴው
ለጸሐፊዎ፣ ካለፉት ሦስት ማመልከቻዎች ጋር አብሮ እንዲቀመጥ
ለጋሽ ደቻሳ፣ በወረቀት፣ በትልቅ ፊደል

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ይህ ደብዳቤ ዛሬ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በማኅበሩ ገጽ ላይ ወጥቷል። ሠራተኞቹ በመመሪያው መሠረት በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ላይክ ሳያደርጉ በመቅረታቸው እንዳይቆጡ እለምናለሁ፤ ውሃ እያጠጡ ነው። እስካሁን አንድ ላይክ ብቻ አለው፤ እሱም የክቡርነትዎ ነው። እንደታዘዝሁት ነክቼልዎታለሁ፤ ለመጨረሻ ጊዜ። ስልክዎ ተጠርጎ ጠረጴዛዎ ላይ ተቀምጧል። ላይኩን ማንሳት ከፈለጉ እስከ ዓርብ ጊዜ አለዎት፤ ሲያነሱት ግን በማን ጣት እንደተቀመጠ ለኮሚቴው መናገር ይኖርብዎታል።